ጀልባው የማን ነው?
የዳህላክ ደሴቶችና የጐብኚዎቻቸው ታሪክ

ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው የዳህላክ ደሴቶች ከሩቅ አይታዩም፤ ተራራ የላቸውምና። አብዛኞቹ ከጥንታዊ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ፣ ከባሕሩ ወለል ብዙም ከፍ የማይሉ ጠፍጣፋ መሬቶች በመሆናቸው፣ ጀልባው እስኪቀርባቸው ድረስ ከውሃው ጋር ተመሳስለው ይቆያሉ። ቁጥራቸው ከ100 በላይ ነው፤ ሰው በቋሚነት የሚኖርባቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከሁሉም የሚሰፋው ዳህላክ ከቢር፣ ማለትም «ታላቁ ዳህላክ»፣ ከ600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ነጩን አሸዋ፣ እንደ ጥልቀቱ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ የሚለወጠውን ባሕር፣ እንቁላሏን ልትጥል ወደ ዳርቻው የምትወጣውን የባሕር ኤሊ፣ በቁጥቋጦው መካከል የሚሮጠውን የሜዳ ፍየል የተመለከተ ጐብኚ፣ «ሰው ያልደረሰበት ገነት አየሁ» ብሎ ቢመለስ አያስደንቅም።

ይህ አባባል ለጆሮ ደስ ቢያሰኝም ከታሪክ ጋር አይስማማም። ዳህላክ ሰው ያልደረሰበት ሥፍራ ሳይሆን፣ ከሁለት ሺህ ዓመታት ላላነሰ ጊዜ ሰው ሲመጣበትና ሲሄድበት የኖረ ሥፍራ ነው። ዛሬ የምናደንቀው ጸጥታውም የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አይደለም፤ የሥራ፣ የንግድ፣ የግዞትና የጦርነት ውጤት ነው። ወደ ደሴት በእግር አይኬድም። ስለዚህ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ ምን ይዞ ይምጣ፣ ምን ይዞ ይሂድ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ጀልባውን የያዘው ወገን ነው። ባሕሩ ለአንዱ በር፣ ለሌላው ግድግዳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የዳህላክን ጐብኚዎች በየዘመናቸው በመከተል፣ ጀልባው በማን እጅ እንደነበረ ለመመርመር ይሞከራል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኤሊ ቅርፊትና የአዱሊስ ገበያ

ስለ እነዚህ ውሆች ከሚናገሩት ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ፣ ስሙ ያልታወቀ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ በ1ኛው ምዕተ ዓመት የጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ ነው። ጸሐፊው ገጣሚ አይደለም፤ ወደቡን፣ ርቀቱን፣ የሚሸጠውንና የሚገዛውን ዕቃ የሚመዘግብ የንግድ ሰው ነው። ስለ አዱሊስ ሲያወሳ፣ ከገበያው ፊት ለፊት በባሕሩ ውስጥ ብዙ ትናንሽ አሸዋማ ደሴቶች መኖራቸውን፣ ከእነርሱም የኤሊ ቅርፊት መገኘቱን፣ ቅርፊቱንም «ዓሣ በሎች» የተባሉ ሰዎች ወደ አዱሊስ እያመጡ መሸጣቸውን ይገልጻል። ደሴቶቹ የዛሬዎቹ ዳህላኮች እንደሆኑ ይታመናል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ጀልባው በደሴቲቱ ሰዎች እጅ ነበር። ኤሊውን የሚያጠምዱት እነርሱ፣ ባሕሩን የሚሻገሩት እነርሱ፣ በገበያው ቆመው የሚሸጡትም እነርሱ ነበሩ። የሮምና የእስክንድርያ ባለጠጎች ዕቃቸውን ያስጌጡበት የነበረው ቅርፊት፣ ከአክሱም ዝሆን ጥርስ ጋር በአንድ ገበያ የተገናኘው በዓሣ አጥማጆች ክንድ ነው።

ያው መምሪያ ስለ ደሴት ጠቀሜታ ሌላም ቁም ነገር ይነግረናል። የንግድ መርከቦች ቀድሞ መልሕቃቸውን ይጥሉ የነበረው ለየብስ እጅግ በቀረበች ደሴት ሲሆን፣ ወደዚያች በእግር መሻገር ይቻል ስለነበር የአካባቢው ሰዎች ጥቃት ይፈጽሙባቸው ነበር። በኋላ መርከቦቹ ዙሪያዋን በውሃ ወደተከበበች ሌላ ደሴት ተዛወሩ። እንግዲህ በጀልባ ብቻ የሚደረስበት ሥፍራ ገና ከጥንቱ የተመረጠው ለውበቱ ሳይሆን ለደኅንነቱ ነበር።

የተጋዘው ገጣሚ

ለአንዱ ደኅንነት የሆነው ርቀት ለሌላው ቅጣት ለመሆን ብዙ ዘመን አልፈጀበትም። በ8ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ፣ ከአፍሪካ ዳርቻ የተነሡ የባሕር ወራሪዎች ጂዳን ከመቱ በኋላ፣ የኡመያ ገዥዎች ዳህላክን እንደያዙ ይተረካል። ከዚያ በኋላ ደሴቲቱ ለገዥዎቹ ሁለት ጥቅም ሰጠች፤ መርከብ መጠበቂያና ሰው መጣያ ሆነች።

በዚያ ከተጣሉት መካከል ስሙ የቀረልን የመዲናው ገጣሚ አል-አህወስ ነው። የፍቅር ግጥሞቹ የታላላቅ ቤተሰብ ሴቶችን በስም እያነሡ ስላስቆጡ፣ በኸሊፋ ሱለይማን (715–717) ዘመን ተገርፎና በአደባባይ ተዋርዶ ወደ ዳህላክ እንደተጋዘ የዐረብ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ያወሳል። ቀጥሎ የነገሠው ዑመር ምልጃውን አልተቀበለም። ግዞቱ ያበቃው ዳግማዊ የዚድ በ720 ዙፋኑን ከያዘ በኋላ ነው። እንደሚተረከው ከሆነ፣ አዲሱ ኸሊፋ ከሚወዳት ዘፋኝ አፍ የአል-አህወስን ስንኞች ሰምቶ «የማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ፤ ባለቤታቸው በደሴት ታስሮ እንደሚገኝ ሲነገረው እንዲፈታ አዘዘ። ትረካው በጊዜ ብዛት የተዋበ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የዘመኑን ሰዎች አስተሳሰብ ያሳያል፤ ሰውዬው ሊሻገረው ያልተፈቀደለትን ባሕር ግጥሙ ያለ ጀልባ እንደተሻገረው አምነዋልና። ገዥዎች ቃልን ፈርተው ባለቃሉን በውሃ ሲከቡት ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነም።

ድንጋዮቹ የሚናገሩት ከተማ

ከ11ኛው እስከ 16ኛው ምዕተ ዓመት ዳህላክ የራሷ ሱልጣኖች ነበሯት። ከግብፅ ወደ የመንና ወደ ሕንድ በሚዘልቀው የንግድ መንገድ ላይ በመሆኗና ለደጋው የኢትዮጵያ ክፍል መውጫ ሆና በማገልገሏ በልጽጋለች። የዚህ ዘመን ዋና ምስክር በዳህላክ ከቢር የሚገኘው የመቃብር ሥፍራ ነው። ከ10ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የተቀረጹ፣ ብዙዎቹ በኩፊ ጽሕፈት የተዋቡ፣ ከ200 በላይ የመቃብር ድንጋዮች ከዚያ ተመዝግበዋል። ከእነርሱም አንዱ በ1093 የሞተውን የሱልጣን ሙባረክን ስም ይዟል። በድንጋዮቹ ላይ የሱልጣን ብቻ ሳይሆን የነጋዴና የሊቅ፣ የሴቶችና የሕፃናት ስሞች ይነበባሉ፤ የአንዳንዶቹም መጠሪያ ቤተሰባቸው ከሩቅ አገር እንደመጣ ያስረዳል። «ሰው አልደረሰበትም» የሚለውን የጐብኚ አባባል ለማፍረስ ከእነዚህ ድንጋዮች የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ውሃውም ይመሰክራል። ዳህላክ ወንዝ የላትም፤ ዝናቧም እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ነዋሪዎቿ የኮራሉን ድንጋይ እየፈለፈሉ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸውን ጉድጓዶች ሠሩ። የአገሬው አፈ ታሪክ ቁጥራቸውን በዓመቱ ቀናት ልክ ያደርገዋል፤ ለያንዳንዱ ቀን አንድ ጉድጓድ። ሠሪዎቹም «ፉርስ»፣ ማለትም ፋርሶች፣ ነበሩ ይላል። ቁጥሩ የአፈ ታሪክ ይሁን እንጂ ጉድጓዶቹ የእጅ ሥራዎች ናቸው። አንድ ሕዝብ በጨው ባሕር መካከል እየኖረ ጠብታ ውሃ ሳያባክን ከተማ ማቆሙ፣ ከማናቸውም ቤተ መንግሥት ባላነሰ ሊደነቅ የሚገባው ጥበብ ነው።

የዚህ ብልጽግና ሌላው ገጽታ ግን መሸፈን የለበትም። ከደጋው ወደ ዳህላክ ይወርድ የነበረው የዝሆን ጥርስና የነብር ቆዳ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ነበር። ባሮች በዚህ በኩል ወደ የመን ይሻገሩ፣ ለየመን ገዥዎችም በግብር መልክ ይላኩ ነበር። እነዚያን ሰዎች በመንደራቸው የማረካቸው፣ ወደ ባሕሩ የነዳቸው፣ ለጀልባው ያስረከባቸው የውጭ ሰው ብቻ አልነበረም። የአገር ውስጥ መኳንንትና ነጋዴዎች ከትርፉ ተካፍለዋል። ስለ ዳህላክ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ራሱን ምንጊዜም በተሳፋሪው ቦታ ብቻ ማስቀመጥ አይችልም።

ከእነዚያ ተሻጋሪዎች መካከል የአንዱ ዕጣ በእርግጥ ድንቅ ነው። ነጃሕ የተባለው የሐበሻ ባሪያ በየመን በዘቢድ ከተማ ወደ ሥልጣን ወጥቶ በ1022 የራሱን ሥርወ መንግሥት መሠረተ። እርሱ ከሞተ በኋላ ተቀናቃኞቹ ሱለይሒዶች ዘቢድን ሲይዙ፣ ልጆቹ ሸሽተው የተጠጉት በዳህላክ ነበር። ከዓመታት በኋላም ባሕሩን መልሰው ተሻግረው የሱለይሒዱን ገዥ ዐሊን ገደሉ፤ የአባታቸውንም ከተማ አስመለሱ። እንግዲህ ያቺው ደሴት ለአባት ዘመን ባሮች የስደት መነሻ፣ ለልጆቹ ደግሞ መጠለያና የዘመቻ መነሻ ሆነች። ባሕሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በጀልባው ላይ የማዘዝ ሥልጣን ነው።

በ16ኛው ምዕተ ዓመት የፖርቱጋል መርከቦች ደሴቲቱን ደጋግመው መቷት። በ1557 ኦቶማኖች ምጽዋን ሲይዙ የሱልጣኖቹ ዘመን አከተመ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 ወደ ኢትዮጵያ ሲያልፍ ዳህላክን ሲጐበኝ ያገኘው ጥቂትና ድኻ ነዋሪዎችን እንዲሁም የቀድሞውን ብልጽግና የሚያስታውሱ በርካታ የውሃ ጉድጓዶችን ነው። ቀጥሎ የመጡት አውሮፓውያን ደግሞ ማየት ብቻ አልበቃቸውም። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ከመቃብሩ ድንጋዮች ብዙዎቹ በመርከብ እየተጫኑ ወጡ፤ ዛሬ የተወሰኑት በኢጣሊያ በሞዴና ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ሊቃውንት ጽሑፎቹን አንብበው ማሳተማቸው ትልቅ ውለታ ነው፤ ጆቫኒ ኦማን በ1976፣ ማድሌን ሽናይደር በ1983 ያወጧቸው ጥናቶች ለዚህ ይጠቀሳሉ። ነገር ግን የአያቱን መቃብር ድንጋይ ለማንበብ ባሕር መሻገር ያለበት የደሴቲቱ ልጅ፣ ጀልባው ከእጁ ከወጣ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ከማንም የበለጠ ያውቀዋል።

ሉልና ዕዳ

በ19ኛው ምዕተ ዓመትና በ20ኛው መጀመሪያ ዳህላክ በዓለም ገበያ ስሟ የተጠራው በሉል ነው። ጠላቂው ትንፋሹን ይዞ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል፤ ዛጎሉን ለቅሞ ይወጣል፤ ዐረፍ ይልና እንደገና ይወርዳል። ከብዙ ዛጎሎች ምናልባት በአንዱ ሉል ይገኛል፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ጥቃቅን ነው። የዛጎሉ አንጸባራቂ ሽፋንም ለአዝራርና ለጌጥ ሥራ ይሸጥ ነበር።

ጠላቂው ግን የሳምቡኩ ባለቤት አልነበረም። ከጠላቂዎቹ ብዙዎቹ ባሮች ወይም ከባርነት የወጡ ሰዎች ነበሩ። ነፃ የሚባሉትም ከወቅቱ በፊት ለቤተሰብ ቀለብ ከጀልባው አዛዥ ገንዘብ ይበደራሉ፤ አዛዡም ከነጋዴው ይበደራል። ወቅቱ ሲያልቅ ሒሳቡ ይታሰባል፤ ዕዳው ሳያልቅ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ሉሉ በምጽዋ በነበሩት ባንያን በተባሉ የሕንድ ነጋዴዎችና በሌሎች እጅ አልፎ ወደ ቦምቤይና ወደ ፓሪስ ይሄዳል። ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ በ1931 ባሳተመው የቀይ ባሕር ትዝታው ይህን ዓለም ለአውሮፓ አንባቢ በጀብዱ መልክ አቅርቦታል። ጀብዱው የባለ ጀልባው ነበር፤ የጠላቂው ድርሻ ዕዳና የጆሮ ሕመም ነው።

ይህን ንግድ ያዳከመው የጠላቂዎች ዐመፅ ወይም የሕግ መሻሻል አልነበረም። ጃፓኖች በሰው እንክብካቤ በዛጎል ውስጥ ሉል ማሳደግን ከቻሉ በኋላና በ1929 የተጀመረው የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ገዥ ባሳጣ ጊዜ፣ የባሕሩ ሉል ዋጋ ወደቀ። ዳህላክን ያልረገጡ ሰዎች፣ ዳህላክን በማያውቁ ከተሞች የወሰኑት ጉዳይ የዳህላክን ጀልባዎች በዳርቻው አስቀራቸው።

ኖክራ

ኢጣሊያኖች ምጽዋን የያዙት በየካቲት 1885 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1887፣ ከዳህላክ ከቢር አጠገብ በምትገኘው ትንሽ ደሴት በኖክራ እስር ቤት አቋቋሙ። ኖክራ ከምጽዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እንዲህ ላለ ሥፍራ ረጅም ግንብ አያስፈልግም፤ ሙቀቱ፣ የውሃው ጥማትና የባሕሩ ስፋት የዘበኛውን ሥራ ይሠራሉ። እስረኞቹ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። በቂ ያልሆነ ምግብና የተበላሸ ውሃ፣ ከዚህም የተነሣ በሽታ፣ የብዙዎችን ሕይወት ቀጥፏል።

በመጀመሪያ ወደዚያ የተወሰዱት የቅኝ አገዛዙን የተቃወሙ ወይም አገዛዙ በወንጀል የከሰሳቸው ኤርትራውያንና ሌሎች የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ከ1935 ወረራ በኋላ ኢትዮጵያውያን አርበኞችና ተጠርጣሪዎች ተጨመሩባቸው። በተለይም በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት፣ ማለትም በየካቲት 19 ቀን 1937፣ በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ የቦምብ አደጋ ከተጣለና በሕዝቡ ላይ ጭፍጨፋው ከወረደ በኋላ፣ ከሞት የተረፉ ብዙዎች እየተጫኑ ወደ ሶማልያው ደናኔና ወደ ኖክራ ተግዘዋል። በዚያው ወቅት ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ባሕታውያንና ጠንቋዮች ወሬ ይነዛሉ በሚል ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙ አይዘነጋም። የአል-አህወስ ዘመን ገዥ ገጣሚውን በደሴት አስቀመጠው፤ የፋሺስቱ ዘመን ገዥ ግን ያን ያህል ርቀት እንኳ አላመነም።

አንድ ነገር ላሰምርበት እወዳለሁ። ከደጋው የተወሰደው ገበሬ ወይም ወታደር ባሕርን ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያች ጀልባ ላይ ሊሆን ይችላል። ዛሬ «ሕልም የሚመስል ዳርቻ» የምንለው ያው አሸዋ፣ ያው ውሃ፣ ያው ፀሐይ ለእርሱ የቅጣቱ መሣሪያዎች ነበሩ። ውበት የቦታው ብቻ አይደለም፤ ወደ ቤት መመለስ የሚቻል መሆኑም የውበቱ ክፍል ነው። እንግሊዞች በሚያዝያ 1941 ምጽዋን ሲይዙ የኖክራ እስር ቤት አበቃለት።

ከጦር ሰፈር እስከ መዝናኛ

ደሴቲቱ ከጦር ሠራዊት ዓይን ግን አልወጣችም። ሶማልያ በ1977 መጨረሻ የሶቪየት ኅብረትን ባሕር ኃይል ከበርበራ ስታስወጣ፣ የወቅቱ የኢትዮጵያ መንግሥት በኖክራ ማረፊያ ሰጠው። ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ቀርቦ፣ የቅኝ ገዥው እስር ቤት በነበረበት ደሴት የሌላ ኃያል መንግሥት መርከቦች ይታደሱ ጀመር። ውሳኔው በአዲስ አበባና በሞስኮ ሲደረግ የዳህላክ ዓሣ አጥማጅ የተጠየቀበት ጉባኤ አልነበረም። በየካቲት 1990 ምጽዋ በሕዝባዊ ግንባር ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ በ1991 ጦርነቱ አበቃ፤ በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። ዳህላክም የእርሷ ግዛት ናት።

ከዚያ ወዲህ ደሴቶቹ ለባሕር ጠላቂዎችና ለዕረፍት ፈላጊዎች የተዋወቁት በጸጥታቸውና «ባልተነካ» ተፈጥሯቸው ነው። ተፈጥሯቸው በእርግጥ ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ግን «ያልተነካ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያደርጋል። ባለፉት ዘመናት በዚያ የሠሩትን፣ የታሰሩትንና የሞቱትን ከሥፍራው ይሰርዛል፤ አሁን በዚያ የሚኖሩትንም የመልክዐ ምድሩ ጌጥ ያደርጋቸዋል። ነዋሪዎቹ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው እንኳ የውጭው የሳይንስ ዓለም የተገነዘበው በቅርቡ ነው። በዳህላክ ከቢር፣ በኖራና በድሒል ደሴቶች የሚነገረው ዳህሊክ፣ ከትግረ ጋር የተዛመደ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ መሆኑን ፈረንሳዊቷ የቋንቋ ሊቅ ማሪ ክሎድ ሲሜዮን ሰኔል በ1996 አስታወቀች። ነጋዴው፣ ኸሊፋው፣ ሱልጣኑ፣ ሹሙ፣ አድሚራሉ ሁሉ ሲፈራረቁ፣ በዚያ ቋንቋ ልጁን ያሳደገ ሕዝብ ነበር ማለት ነው። ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ የታሪክ መምህሩ፣ ጸሐፊውና የመድረክ ሰው ከዚህ የሚወስዱት ሥራ አለ። የካቲት 12ን በትምህርት ቤት ስናስታውስ ትረካው በአዲስ አበባ አደባባይ ላይ ያበቃል፤ ወደ ኖክራ የወረዱት ግን ታሪካቸው የቀጠለው በጀልባው ላይ ነው። በካርታው ላይ ደሴቲቱን ለተማሪ ማሳየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መቃብራቸው ያለበት ምድር ዛሬ የሌላ አገር መሆኑ የእነርሱን ትውስታ አያሳጣንም፤ ይልቁንም ከእነርሱ ቀድመው በዚያ የታሰሩት ኤርትራውያን መኖራቸውን አብረን እንድናነሣ ያስገድደናል። በአንድ ድንጋይ መፍለጫ የሠሩ ሰዎች በሁለት የተለያዩ መጻሕፍት ብቻ ሊነበቡ አይገባም። የባሪያ ንግዱንም ታሪክ ሳንሸራርፍ ማስተማር አለብን።

ወደዚያ ለመሄድ ዕድል የሚያገኝ ጐብኚም ቢሆን ከአሸዋው ወደ ውስጥ ጥቂት ይራመድ። ጉድጓዶቹን ይመልከት፤ በኮራሉ ላይ ያለው የመፈልፈያ ምልክት የሰው ክንድ ምልክት ነው። ከመቃብሩ የቀሩትን ድንጋዮች ሳይነካ ያንብባቸው፤ ማንበብ ባይችል የሚያነብለትን ይጠይቅ። ወደ ምጽዋ ሲመለስም መሪውን የያዘውን ሰው ስሙን፣ የአባቱን ሥራ፣ ጀልባው የራሱ መሆን አለመሆኑን ይጠይቀው። ለመልሱ በቂ ጊዜ አለ፤ መንገዱ ረጅም ነው።